ዝቅ ብሎ ያለፈው አውሮፕላን

ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የሳፊያን በር አንኳኳሁ። ሰዓቱን ያልረሳሁት ትዝታዬ ጥሩ ሆኖ አይደለም፤ ሚስቴ አሳየች እንድረሳው ስለማትፈቅድልኝ ነው።

ሳፊያ የይማም ሚስት ነበረች። ይማም ታክሲ ነጂና የልብ ወዳጄ ነበር፤ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቀበና፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ አጥር ለአጥር ነው የኖርነው። ሳፊያ በግቢዋ በር ላይ ስኳር፣ ሳሙናና ክር የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ ሁለት ልጆቿን፣ ዩምናንና ኡበይድን፣ ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው። አሁን እሷም የለችም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። መጻፍም ማልቀስም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሁለቱንም በራሴ ነው የለመድኩት። ስለዚህ በሚያስለቅሰው ቦታ ባስቅ፣ በሚያስቀው ባስለቅስ፣ የሚወቀስ አስተማሪ የለኝም።

እኔ ኤጀታ እባላለሁ። ሲግናል ሰፈር ጎሚስታ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ አሥር አለቃ ነበርኩ። ይህን የሰማ ሁሉ ስበር የኖርኩ ይመስለዋል፤ እኔም እንደመሰለው እንዲቀር እተወዋለሁ። ሥራዬ የአውሮፕላን ጎማ መለወጥ ነበር። ወደ ሰማይ የላክሁት ነገር ቢኖር ጎማ ውስጥ የሞላሁት ጋዝ ነው። ሰፈሩ ግን "ጄኔራል" ይለኛል። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ እኔ ሲጠሩኝ "አቤት" ማለት ስጀምር ሹፈቱ ሰለቻቸው፤ ስሙ ግን ጸናብኝ።

ኡበይድን አውሮፕላን ያስወደድኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ አቀበቱን ይዘን እንጦጦ እንወጣ ነበር። ከላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚሳሳበት ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ፣ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከዓይን በታች ሆነው ይታያሉ። እኔ ዓይነታቸውን እናገራለሁ፤ እሱ ያርመኛል። አብራሪ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ መርከበኝነት ተማረና በአንድ የውጭ አገር የጭነት መርከብ ላይ መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ። እናቱ ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም። ልዩነታችን እሷ "አላየሁም" ማለቷ ነው።

ያን በር ከማንኳኳቴ በፊት በነበረው ረቡዕ ኡበይድ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። መርከባቸው ላይ ቆሞ የቀረጸው ነው። ራቅ ብሎ ግራጫ የጦር መርከብ ይታያል፤ የእነሱ አይደለም፣ የሌላ አገር ነው። ድንገት ሁለት የጦር አውሮፕላኖች ውሃውን ሊነኩት ምንም ሳይቀራቸው ይመጡና በጦር መርከቡ አፍንጫ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ድምፃቸው ዘግይቶ ሲደርስ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ይሳደባል። አውሮፕላኖቹ ዞረው ይመጣሉ፣ አሁንም ያልፋሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። አለቀ። መርከቡ የማን፣ አውሮፕላኖቹ የማን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ለልጁ እንጀራው ነው፣ እንዳላወራ ለምኖኛል።

ከቪዲዮው ሥር እንዲህ ይላል፦ "ጋሼ፣ ዓይነቱን እስቲ ይለዩልኝ። ለእማ ግን እንዳያሳዩአት፣ አደራ። ለጥቂት ቀን ኔትወርክ የለንም።"

ለእሷ አላሳየሁም። አደራዬን ጠብቄአለሁ። ያሳየሁት ለቀረው ሕዝብ ነው።

ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ አየው። ቪዲዮው ብቻውን አይበቃም ብዬ ትምህርት ጨመርኩበት። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ መሬት ላይ አስቀመጥኩና መርከብ አደረግሁት፤ የክሪኩን እጀታ ደግሞ አውሮፕላን።

"ይህ መምታት አይደለም" እላለሁ፣ እጀታውን በጫማው ላይ እያሳለፍኩ። "ይህ ማስፈራራት ነው። አብራሪው ለካፒቴኑ 'ብፈልግ ኖሮ' እያለው ነው። ካፒቴኑ ቢተኩስ ጦርነት የጀመረው እሱ ነው፤ ባይተኩስ ተደፈረ። ስለዚህ ቆሞ ያያል።"

ኢዶሳ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ጎማው እስኪነፋለት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። "ጄኔራል፣ እርስዎ ካፒቴኑ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" አለኝ።

"እኔ ብሆን መጀመሪያ የአይሮፕላኑን ጎማ አያለሁ።"

"በሰማይ ላይ ጎማው ታጥፎ ይገባ የለ እንዴ?"

ሁሉም ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ተናድጄ ነበር። ኢዶሳ ከመሄዱ በፊት "ቪዲዮውን ላኩልኝ" አለ። ሳቁን ለማብረድ ብዬ ላክሁለት።

ዓርብ ዕለት ቪዲዮው ወደ እኔው ተመልሶ መጣ፤ አድጎ፣ ወፍሮ። "ሰበር ዜና" የሚል ቀይ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። መጨረሻው ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እሳት ተቀጥሎበታል። አንድ ጎርናና ድምፅ "መርከቧ ከነሠራተኞቿ" ካለ በኋላ ዝም ይልና ሙዚቃ ይገባል። እኔ ራሴ ያሰራጨሁትን ቪዲዮ አይቼ ደነገጥኩ። "ምስኪኖች" ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። አሳየች ናት በትከሻዬ በኩል አሻግራ አይታ፣

"ይሄ ኡበይድ የላከልህ አይደለም እንዴ?" ያለችው።

እንደገና አየሁት። ነው።

"አሁን ይሄን ሳፊያ ብታየውስ?"

"የት ታየዋለች?" አልኩ።

"የት ታየዋለች? ደም ግፊት ያለባት ሴት፣ ልጇ መደወል ያቆመባት ሴት፣ አጥሯ ላይ ጎረቤቷን ሙሉጌጥን የመሰለ ሬዲዮ የተተከለባት ሴት፣ የት ታየዋለች ትለኛለህ?"

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሐኪሟ በቅርቡ "ድንጋጤ እንዳይደርስባት" ብሎ ዩምናን አስጠንቅቋት ነበር። ሳፊያን በአንዲት አጭር ቪዲዮ ልንገድላት እንችል ነበር። ስለዚህ ልንደብቅ ተነሣን፤ ዘመቻውን የመራሁትም እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ጄኔራል አልነበረም።

ቅዳሜ እሷ ሱቅ ስትገባ ጣሪያዋ ላይ ወጣሁና ዲሿን ወደ እንጦጦ አዞርኩት። እንጦጦ ውስጥ ከባሕር ዛፍ በቀር የሚያሠራጭ የለም። ዩምና ከባንክ ሥራዋ ስትመለስ "ስልክሽን ላሠራልሽ" ብላ የእናቷን ስልክ ወሰደችና ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው። እኔ ደግሞ ጎረቤቱን በየቤቱ እየዞርኩ አስጠነቀቅሁ፦ ለሳፊያ ስለ ባሕር አታውሩ፣ ስለ መርከብ አታውሩ፣ ስለ አይሮፕላን አታውሩ፤ ኡበይድ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም።

ሁሉም "እሺ" አሉኝ። "ምንም አልሆነም" ባልኳቸው ቁጥር ግን አንገታቸው ትንሽ ዘንበል ይል ነበር። አንዳንዶቹ ክንዴን ያዝ አድርገው "አይዞህ" አሉኝ። ደክሜ ስላዩኝ መሰለኝ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ዩምና ቤታችን መጣች። "እማ ምግብ አቆመች" አለች። "ትናንትና ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ማንም ምንም አይገዛም፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ያያታል። ጋሼ፣ ሙሉጌጥ መጥታ ሳመቻት።"

አሳየች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሙሉጌጥና ሳፊያ በቦይ ውሃ ተጣልተው ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አልፏል።

"እንንገራት" አልኩ። "እውነቱን ቁጭ አድርገን እንንገራት፤ አይሮፕላን አለፈ፣ ማንንም አልነካም፣ ልጁ ኔትወርክ የለውም። አለቀ።"

"አንተ ብትነግራት ታምንሃለች?" አለች አሳየች።

እውነቷን ነው። ስለዚህ የሚታመኑ ሰዎች ፈለግሁ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ሙአዊያ ውሸት ሲናገሩ የሰማ ሰው የለም። እትዬ የማርያምወርቅ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰው ማስረጃ ብሎ ይይዘዋል። ሐጂ የሚመቻቸው ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። እትዬ የማርያምወርቅ ረፈድ ካለ አይገኙም። ሳፊያ አንድ ሰዓት ላይ ሱቅ ትከፍታለች፣ እኔም ጎሚስታ ቤቴን። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተባለ። ኅዳር ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ አሳየችን ጨምሮ አራታችንም ጋቢ ደረብን። አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም ልክ ነበር።

በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ሳፊያ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ ኤጀታ።"

"ብቻህን ነህ?"

ያን ጊዜ "አዎ" ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። እኔ ግን ለማጽናናት ብዬ፣ "አይ፣ ሐጂም አሉ። እትዬ የማርያምወርቅም አሉ" አልኩ።

ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፤ ለሶላት የምትታጠብበት የውዱእ ማንቆርቆሪያዋ ነበር። በሩ ተከፈተ። ሳፊያ ሻሿን በእጇ እንደያዘች ቆማ አየችን። ገና ፀሐይ አልወጣችም። አራት ሰዎች፣ አራት ጋቢ፣ በማለዳ፣ ደጃፍ ላይ። እኔ የራሴን አባት ሞት የሰማሁት ልክ እንደዚሁ ነው። በዚህች አገር ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሸብቶ፣ በማለዳ ጋቢ ለብሶ ተሰብስቦ በር ማንኳኳት መርዶ መሆኑን የሚረሳ ሰው ይኖራል ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ አዎ፣ አለ።

"ልጄን!" አለች።

"ሳፊያ፣ ተረጋጊ" አሉ ሐጂ።

ተረጋጊ! መረጋጋት ለምትችል ሴት "ተረጋጊ" የተባለበት ቀን አላውቅም።

"ኡበይድ ደህና ነው" አልኩ እኔ ፈጥኜ። "ትንሽ... አይሮፕላን ነበር..."

"ምን አይሮፕላን?"

"በአጠገቡ አለፈ እንጂ አልመታውም።"

እትዬ የማርያምወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳፊያ የበሩን መቃን ያዘች።

"ደህና ከሆነ እናንተ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

ሐጂ "አላህ ሲያውቅ" ብለው ጀመሩና ምን ብለው እንደሚጨርሱት ጠፋቸው። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የሙሉጌጥ ድምፅ ተነሣ፦

"ኡበይዴ! የመርከቡ ሎጋ! ባሕር በላህ!"

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አላዘዘም፤ ሰፈሩ ራሱ ያውቀዋል። በሮች ተከፈቱ፤ ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። እኔ በመሃል እየተሽከረከርኩ "አልሞተም! ልጁ አልሞተም!" እላለሁ። አንዲት ሴት አቅፋኝ "አዎ የኔ ጌታ፣ እንዲህ ያለ አይሞትም" አለችኝ። ለካስ "ደህና ነው" ማለትም፣ "ትንሽ አሞት ነው" ማለትም፣ "አልሞተም" ማለትም ሁሉም የመርዶ ቋንቋ ነው። አንድም ንጹሕ ቃል አልቀረልንም ነበር።

የእድሩ ድንኳን መጣ። ማን እንዳስመጣው አልታወቀም፤ እትዬ የማርያምወርቅ "እኔ አላልኩም" ብለው እስከ ዛሬ ይምላሉ። አንዱ ወጣት ምሰሶ እጄ ላይ አስያዘኝና "ጋሼ፣ ከፍ ያድርጉት" አለኝ። ከፍ አደረግሁት። አልሞተም ብዬ የምጮህለትን ልጅ ድንኳን ምሰሶ ይዤ ቆምኩ። ወንዶቹ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላት እንዴት እንደሆነ ሐጂን ይጠይቋቸዋል፤ ሐጂ "ማን ሞተና ነው!" ብለው ይቆጣሉ፤ ወንዶቹ "ሐጂም አላመኑም፣ ልጅ ስለሆነ ነው" ይባባላሉ።

ሳፊያ አትጮህም ነበር። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ዩምና እጇን ይዛ "እማ፣ ወላሂ ደህና ነው" ትላታለች፤ እሷ አትሰማም። ዩምና ሮጣ ስልኩን ከቦርሳዋ አወጣችና ልትሰጣት ዘረጋች። ሳፊያ ሊሠራ ሄደ የተባለውን ስልኳን አየች፣ የልጇን ፊት አየች። "አንቺም" አለች። ስልኩ እንደተዘጋ ፍራሹ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው እኔን አንድ ነገር የያዘኝ። ደህና ነው የምለው በምን አውቄ ነው? ልጁ ከረቡዕ ወዲህ አንድ ቃል አልላከም። አውሮፕላኖቹ አንዴ ዞረው መጥተዋል። ዳግመኛ ዞረው ከሆነስ? ያ እሳት የተቀጠለ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጎማ ነፊ ነኝ። እንጦጦ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ "ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ያሉት አይደለም፣ ሞተሩ ሁለት ነው" የሚለኝ ልጅ ታየኝ። ምሰሶውን እንደያዝኩ ማልቀስ ጀመርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ለዓመታት "ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም" እያልኩ ሰውን ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሳየች እንደምትለው ከሆነ የዚያን ቀን ከሙሉጌጥ ቀጥሎ ሰፈሩን የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹም እኔን ሲያዩ "ይኸው፣ ጄኔራሉ እንኳ አመነ" ብለው አዲስ ለቅሶ ጀመሩ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር ነው።

"ጋሼ? ኡበይድ ነኝ። ወደብ ገባን። የእማ ስልክ ዝግ ነው፣ ዩምና አታነሣም። ምንድነው የሚጮኸው?"

ምሰሶውን ለቀቅሁት። ድንኳኑ በአንድ በኩል ተኛ።

"ለቅሶ ነው" አልኩት።

"የማን?" ድምፁ ተለወጠ። "ጋሼ፣ የማን ለቅሶ?"

"ያንተ።"

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

ድንኳኑ ሥር የተቀበሩትን ሰዎች እየረገጥኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። "ኡበይድ ነው! ይኸው ኡበይድ!" ስልኩን በጉልህ ድምፅ አድርጌ ሳፊያ ፊት ዘረጋሁት።

"እማ?" አለ ስልኩ።

ሳፊያ ስልኩን አየችው፤ እኔን አየችኝ። "ዘንድሮ ድምፅ በኮምፒውተር ይሠራሉ" አለች። "ዩምና አሳይታኛለች። ልታታልሉኝ ነው።"

"እማ፣ እኔ ነኝ!"

"ልጄ ከሆንክ ከእኔና ካንተ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ንገረኝ።"

ግቢው በሙሉ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዘነበለ። ከወዲያ በኩል ልጁ ሲተነፍስ ይሰማል።

"አሁን? ሰው ፊት?"

"አሁን።"

"የጋሼ ኤጀታን ቮልስ ስፖኪዮ የሰበርኩት እኔ ነኝ። በወንጭፍ። አንቺ ነሽ 'ዝም በል፣ እሱ የሙሉጌጥን ልጅ ነው የጠረጠረው' ያልሽኝ።"

ሳፊያ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ደረቷ ላይ አጣበቀችው፤ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔ ያን የጎን መስተዋት ለዓመታት በሙሉጌጥ ልጅ ላይ ሳላክክ ኖሬአለሁ፤ አባቱን ሳይቀር ከስሼአለሁ። ሙሉጌጥ እንባዋን እየጠረገች ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

"ሰማህ ጄኔራል? ሰማህ? ልጄን ሌባ ስትለው!"

"ሌባ አላልኩም፣ ዱርዬ ነው ያልኩት።"

"እሰይ! በሉ መስክሩ፣ ዱርዬ ብሎታል!"

ሳፊያ እንባዋ ሲበርድ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። "ይሄ አይሮፕላን የሚሉት ምን አድርጎህ ነው?"

"ምንም። ለጦር መርከቡ ነው የመጣው፣ ለማስፈራራት። ዝቅ ብሎ አለፈና ሄደ።"

"ፈሩ እንግዲህ?"

"እነሱ ፎቶ ያነሡ ነበር። የፈራነው እኛ ነን፣ ዳር ቆመን የምናየው።"

ድንኳኑ ተነቀለ። ሰው ግን አልሄደም፤ ለለቅሶ ብሎ ከሥራ የቀረ ሰው መሄጃ የለውም። ሳፊያ ሱቋን ከፍታ ለሁሉም ለስላሳ ሰጠች። ሙሉጌጥ ሁለት ጠጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዲሹን ልመልስ ጣሪያዋ ላይ ስወጣ ሳፊያ ከሥር ቆማ ታየኝ ነበር።

"ኤጀታ" አለችኝ፣ "አይሮፕላኑስ አልፎ ሄደ። አንተ ነህ ቤቴ ላይ ያረፍክ።"

"ልክ ነሽ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ልጄ እንደሞተ አውቄ ሱቅ ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ። ሙሉጌጥ ስትስመኝ አወቅሁ። ማንም አልነገረኝም እንጂ ሁላችሁም ነግራችሁኛል። የሆነውን ብትነግሩኝ ኖሮ አንድ ሰዓት ደንግጬ ይበቃኝ ነበር።"

ዲሹ ትክክለኛውን አቅጣጫ እንቢ ብሎኝ ነበር።

"እኔ የሞትኩ ቀን" አለች፣ "ለኡበይድ በዚያው ቀን ንገረው።"

"ምን ታሟርቺያለሽ?"

"አትደብቀው። ልጄ ባሕር ላይ ሆኖ፣ እናቴ አለች ብሎ፣ ለሞተች እናት እየደወለ እንዳይከርም። ሽማግሌ እንዳትሰበስብበት። ጋቢ እንዳትለብስበት። ብቻህን ንገረው።"

"እኔ ለምን? ዩምና አለች አይደል?"

"ዩምና እህቱ ናት፤ አልቅሰሽ ዝም በይ ሲሏት ዝም ትላለች። አንተን ዝም በል ብሎ የተሳካለት ሰው የለም።"

ከጣሪያው ላይ ሆኜ ማልኩላት።

ሳፊያ በግንቦት ሞተች። አስቀድሞ ኩላሊቷን አመማት፤ እሷው አዝዛን ስለነበር ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ቃል ሳንቀንስ ነገርናት፤ ሰምታ "እሺ" አለችና የሱቋን ዕቃ ለዩምና አስረከበች። አንድ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈች፤ ከቀትር ሶላት በኋላ ቀበርናት። ይህኛው ድንኳን ያለ ስህተት ተተከለ። ሙሉጌጥ ምንም ሙሾ አላወረደችም፤ ጥግ ይዛ አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀመጠች።

ከቀብር መልስ ዘመዶች ተሰበሰቡ። ሁሉም አንድ ቃል ነበሩ፦ ልጁ ባሕር ላይ ነው፤ አሁን ቢሰማ ራሱን ይጥላል፤ ሲመጣ ይረዳ፤ እስከዚያ "እናትህ ተኝታለች" እንበለው። ሐጂ ሙአዊያም "ልጁ ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል?" አሉ። ሐጂ ያሉት ስህተት አልነበረም። ዩምና ታየኛለች። እኔም እሺ ያልኩ መስዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

አቀበቱን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ የእንጨት ሸክም የያዙ ሴቶች እየወረዱ ሳለ መንገድ እለቅላቸዋለሁ፣ እነሱ ግን በእኔ አዝነው ቆመው ያሳልፉኛል። ጠርዙ ላይ ደርሼ ተቀመጥኩ። ጋቢ አለመልበሴን አረጋገጥኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሕይወት ጥላ ናት የሚል፣ እኛም ሁላችን የሚል። ደወልኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ተነሣ፤ ከኋላው ሞተር ይሰማል።

"ጋሼ?" አለ።

ንግግሩ ጠፋኝ። ከሥሬ አንድ አውሮፕላን ክንፉን ዘንበል አድርጎ ወደ ቦሌ ይወርድ ነበር።

"ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?"

"ብቻዬን ነኝ።"

አልጠየቀኝም። ጠበቀኝ።

"እናትህ ዛሬ ሞተች ኡበይድ። ጎሕ ሲቀድ። ዩምና አጠገቧ ነበረች። ቀትር ላይ ቀበርናት።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

"ዛሬ?" አለ።

"ዛሬ።"

"በዛሬው ቀን ነገሩኝ?"

"እናትህ አስምላኝ ነው።"

"እሺ" አለ። እንደ እናቱ አለው። "እሺ ጋሼ።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ እኔም እዚያው ጠርዝ ላይ ሆኜ ስልኩን ሳልዘጋ አብሬው አለቀስኩ። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ።

ሰፈሩ ለሳምንት ያህል አላነጋገረኝም። አሳየች ግን ያን ማታ ሳልጠይቃት ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችልኝ።

ኡበይድ በሰኔ መጀመሪያ ቦሌ ገባ። ሊያረዳው የጠበቀ ሽማግሌ አልነበረም፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄደ። ለእኔ የቮልስ ስፖኪዮ አመጣልኝ። መኪናውን ከሸጥኩት ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።